የሚጠበቀው የጂኖታይፕ ቁጥር አልገጥም ሲል (ወይም ከልክ በላይ ሲገጥም)

ነገሩ የሃርዲ-ዋይንበርግ ሚዛን ነው። ፒ እና ኪው የአንድ ጂን ሁለት ዓይነቶች (አሊሎች) ድርሻ ናቸው፣ ሲደመሩ 1። ሕዝቡ ሚዛን ላይ ከሆነ ፒ² እና ኪው² ሁለት አንድ ዓይነት አሊል የያዙት (ሆሞዛይገስ)፣ 2ፒኪው ደግሞ ሁለት የተለያየ የያዙት (ሄትሮዛይገስ) ድርሻ ነው፤ ጂኖታይፕ የምንለው ይሄንን የአሊል ጥንድ ነው። ይሄን ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። ቀጥታ ወደ ብልሽቱ።

ምልክት፦ አንዱ ሳጥን (የአንዱ ጂኖታይፕ ቁጥር) ቁልጭ ብሎ ገጠመ፣ ወይም ካይ-ስኩዌሩ (የታየው ከሚጠበቀው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካው) ዜሮ ወጣ

ሁሌ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ተማሪው ፊቱ በርቶ ይመጣል፤ «የታየውና የሚጠበቀው አንድ ሆነ፣ ሕዝቡ ሚዛን ላይ ነው!» ወረቀቱን ተቀብዬ መጀመሪያ የማየው ኪው ከየት እንደመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ሆሞዛይገስ ድርሻ ወስዶ ስኩዌር ሩት አውጥቶለታል።

በቁጥር እንየው፣ ቁጥሩ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው። 100 ሰው የኤምኤን ደም ዓይነት (ኤም እና ኤን የሚባሉ ሁለት አሊሎች ያሉት) ተመርምሮ 60 ኤምኤም፣ 20 ኤምኤን፣ 20 ኤንኤን ተገኘ እንበል። የ0.20 ስኩዌር ሩት 0.447 ነው። በዚህ ኪው የሚጠበቀው ሲሰላ ኤምኤም 30.6፣ ኤምኤን 49.4፣ ኤንኤን 20 ይመጣል። የኤንኤን ሳጥን ልክክ አለ አይደል? ባይል ነበር የሚገርመው! ሩት ያወጣችሁለትን ቁጥር ነው መልሳችሁ በራሱ ያባዛችሁት።

መፍትሄው መቁጠር ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። 100 ሰው 200 አሊል አለው። ኤንኤን ሁለት ኤን ይይዛል፣ ኤምኤን አንድ። 40 ሲደመር 20፣ 60። ለ200 ሲካፈል 0.30፣ ስለዚህ ፒ 0.70። አሁን የሚጠበቀው 49፣ 42 እና 9 ነው። ካይ-ስኩዌሩ ወደ 27.4 ይወጣል፣ ወሰኑ (ካለፈ ልዩነቱ የአጋጣሚ አይመስልም የሚባልበት) ደግሞ 3.84 ነው። ይሄ ሕዝብ ሚዛን ላይ አይደለም፣ በፍጹም።

ጥርጣሬ ካላችሁ ፈጣን ምርመራ አለ። ከኤምኤም በኩልም ስኩዌር ሩት አውጡ፤ የ0.60 ሩት 0.775 ነው። ከ0.447 ጋር ሲደመር 1.22! አንድ ቡድን እዚህ ደርሶ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ሁለቱንም ለ1.22 አካፍሎ «አስተካከልነው» አለኝ። ቁጥሩ እየጮኸ አፉን ማስያዝ ማለት ይሄ ነው።

ስኩዌር ሩት ሲወጣ ሃርዲ-ዋይንበርግ እውነት ነው ተብሎ አስቀድሞ ተወስኗል። በዚያው ቁጥር መልሶ ሃርዲ-ዋይንበርግን መፈተን ተከሳሹን ለራሱ ምስክር እንደማቆም ነው። ስኩዌር ሩት ቦታ የለውም አላልኩም። ተሸካሚው (አሊሉን አንድ ብቻ የያዘው) በዓይን በማይለይበት ሪሴሲቭ ባሕርይ፣ ማለትም አሊሉ ሁለት ካልሆነ በማይታይ ባሕርይ፣ ሌላ አማራጭ የለም። ከ10,000 ሰው አንዱ ላይ የሚታይ ከሆነ ኪው 0.01 ነው፣ ተሸካሚው ከ50 ሰው አንድ ገደማ። ግምት ነው ብላችሁ ጻፉት፣ ፈተና ግን አትሥሩበት። የቀራችሁ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ለፈተናው የሚተርፍ ነፃ ቁጥር) ዜሮ ነው።

ምልክት፦ ሄትሮዛይገሱ ከሚጠበቀው በጣም አነሰ

መጀመሪያ ናሙናው ከየት እንደተሰበሰበ ጠይቁ። ገበያ ወጥቶ ያገኘውን ፍየል ሁሉ ደም ቀድቶ «አንድ ሕዝብ» የሚል ሰው ያስቸግራል። ፒው 0.9 ከሆነ መንጋ 50 ፍየል፣ 0.1 ከሆነ መንጋ ሌላ 50 ቀላቅሉ። የድምሩ ፒ 0.5 ስለሆነ 50 ሄትሮዛይገስ ይጠበቃል፣ የምታገኙት ግን 18 ገደማ ነው። እያንዳንዱ መንጋ ለብቻው ምንም አልሆነም እኮ! ለየብቻ አስሉት።

ናሙናው አንድ ቦታ ከሆነ ጉድለቱ ሁሉም ሎከስ (የተመረመረ የጂን ቦታ) ላይ መኖሩን እዩ። ሁሉም ላይ ካለ የዘመድ ጋብቻን ጠርጥሩ። አንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ላብራቶሪውን ጠርጥሩ፤ ፕራይመሩ (ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ቅጂውን የሚያስጀምረው አጭር ቁራጭ) አንዱን አሊል ሳይዘው ሲቀር ሄትሮዛይገሱ ሆሞዛይገስ መስሎ ይነበባል።

ሌሎቹን በአጭሩ

ካይ-ስኩዌሩ ከ1 በታች ሆኖ ሁሉም «ገጠመ» ካለ ሳጥኖቹ ውስጥ ድርሻ አስገብታችሁ እንዳይሆን እዩ። ቆጠራ ነው የሚገባው፣ ቆጠራ! ያ 27.4 በድርሻ ሲሰላ 0.274 ይሆናል።

ወሰኑን 5.99 ብሎ የያዘ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም 2 ወስዷል። ፒን ከዚያው ናሙና ስላወጣችሁት አንድ ተጨማሪ ይቀነሳል፣ 1 ይቀራል።

የሚጠበቀው ከ5 በታች የሆነ ሳጥን ካለ ካይ-ስኩዌሩን ትታችሁ ኤግዛክት ቴስት (ዕድሉን በግምት ሳይሆን በቀጥታ የሚያሰላ ፈተና) ሥሩ።

እንደ ጂ6ፒዲ ያለ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ያለ ጂን ከሆነ ደግሞ ወንዶቹን ከሳጥኖቹ አውጡ። ወንድ አንድ አሊል ብቻ ስላለው ሁሉም ሆሞዛይገስ መስለው ይቆጠሩባችኋል። አሊል ስትቆጥሩ ግን ወንዱን አንድ፣ ሴቷን ሁለት ብላችሁ አስገቡ፤ የጂኖታይፕ ፈተናው በሴቶቹ ብቻ ይሠራል።