የሰው ዘፈን ወደ ክራር ሲመጣ

ዘጠኝ የሰው ዘፈን በክራር ሠርቼ አልበም ካወጣሁ ወዲህ ክራር የሚማሩ ልጆች «እንዴት አድርገሽ ነው?» ይሉኛል። ያማረልኝንም ያበላሸሁትንም ልንገራችሁ።

ዘፈኑን ግጥሙ በቃላችሁ እስኪገባ ስሙት። ከዚያ ለሁለት ሳምንት አትክፈቱት። እኔ ሽሮ እያማሰልኩ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ያለ መሣሪያ አንጎራጉረዋለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አፌ ላይ የቀረው፣ ዘፈኑ እሱ ነው። የጠፋው ብዙውን ጊዜ የአቀናባሪው ሥራ ነው፦ የኦርጋኑ መግቢያ፣ የሳክስፎኑ መልስ። ያንን መግቢያ በክራር ልልቀመው ብላችሁ አትድከሙ። ሞክሬዋለሁ፤ ያስቃል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ሲያመጣ የሸላዩን ድምፅና ትንፋሽ ነው የወሰደው። እኛ በዚያው መንገድ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ቀጥሎ ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የቆመባቸውን አምስት ድምፆች፣ ለዩ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ? ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጉ ማይነር ይሆናል። በሁለት ገመድ ብቻ የጭፈራ ዘፈን ወደ እንጉርጉሮ ይለወጣል። ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ግጥሙን ጠይቁት። እኔ ሙሽራ የሚያወድስ ዘፈን በማይነር ሠርቼ ለእናቴ ባሰማት «ምነው፣ ሙሽራዋ ሞተች እንዴ?» አለችኝ። ከአልበሙ አወጣሁት።

አንዳንድ ዜማ ደግሞ ከአምስቱ ድምፅ ይወጣል። ክራራችን አምስት ወይ ስድስት ገመድ ነው፤ ለዚያ ድምፅ ቦታ የለውም። ማሲንቆ ተጫዋች ካላችሁ ያችን ሐረግ ስጡት፤ ጣቱ ያገኛታል። እኔ ግን ክራሩን ዝም አሰኝቼ በድምፄ ብቻ አልፋታለሁ።

ግርፍ (ገመዶቹን ባንድ ላይ መምታት) ወይስ ድርደራ (አንድ በአንድ መልቀም)? ግጥሙ ሰምና ወርቅ ካለው ደርድሩት። ሲገረፍ ወርቁ ይዋጣል።

አሁን ሴቶች ስሙኝ። የወንድ ዘፈን ስትዘፍኑ «ነሽ»ን ሁሉ «ነህ» ማድረግ ያምራችኋል። አታድርጉት። «ሲመሽ» ከ«ነሽ» ጋር ቤት ይመታል፤ «ነህ» ስትሉት ቤቱ ፈረሰ። ያኛውን ስንኝ ለመጠገን ሌላ ቃል ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ ሌላ፣ በመጨረሻ ግጥሙ የማን እንደሆነ አይታወቅም። እኔ «አንቺ» እያልኩ ነው የዘፈንኩት። ለአንድ ሰው ታሪክ እንደምታወሩ አስቡት። አስናቀች ወርቁን ስሟት፤ ተዋናይትም ስለነበረች ይሆናል፣ ክራሯን ይዛ ስትዘፍን ቃሉን አጠገባችሁ ቁጭ ብላ የምታጫውታችሁ ይመስላችኋል።

ፈቃድ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ድምፃዊውን አግኝቼ «ዝፈኚው ልጄ» ሲለኝ ያለቀ መሰለኝ። ዜማው ግን የሌላ ሰው ነበር። ሰውየው አርፈዋል፤ ልጆቻቸው ደወሉ። እውነታቸውን ነው። ተቀርጾ ያለቀ ሥራ ይዤ ሁለት ወር ቆምኩ። ስለዚህ የድሮውን የካሴት ልባስ ፈልጉና ግጥም የማን፣ ዜማ የማን እንደሆነ አንብቡ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ከእያንዳንዱ ባለመብት በጽሑፍ ተቀበሉ። «የሕዝብ ነው» የሚባለውንም አጣሩ። የትዝታ ዜማ የሁላችንም ነው፤ አንድ ዘፋኝ ከራሱ የጨመረባት ስንኝ ግን የሱ ናት።

ስቱዲዮ ስትገቡ ዘፈኖቹን በቅኝት ቧድኑ። ባቲዎቹን በአንድ ቀን፣ አምባሰሎቹን በሌላ ቀን። አለበለዚያ የከፈላችሁበት ሰዓት በመቃኘት ያልቃል። ድምፅና ክራር አብራችሁ ተቀረጹ፤ ለየብቻ ሲሆን ትንፋሹ አይገጥምም። ባለሙያው «ለየብቻ ይሻላል» ይላችኋል። እምቢ በሉ።

ገመድ የምትቀይሩ ከሆነ ከቀረጻው ሦስት አራት ቀን ቀድማችሁ ቀይሩ። አዲስ ናይሎን እየተለጠጠ ይወርዳል። የእኔ አራተኛ ዘፈን መጨረሻ ላይ አንድ ገመድ ወርዷል። እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ በተከፈተ ቁጥር እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ማለት ያምረኛል።