ፈረስ ያላችሁ ሁሉ፣ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ለማድረስም ቢሆን ግን ደህና መሆን አለበት። ለፍቅሩ ብሎ የሚጋልብ ሰው በቀን ቢበዛ አንድ ሰዓት ኮርቻ ላይ ይቀመጣል። እኔ እንደታዘብኩት፣ ፈረሱ የሚበላሸው በአብዛኛው በቀሪው 23 ሰዓት ነው።

በመልክ መግዛት

አንገቱን ደጋን ያደረገ፣ ጋማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ፈረስ ልብ ይሰርቃል። ጀማሪ ጋላቢና ጀማሪ ፈረስ ሲገናኙ ግን አስተማሪው ማን ሊሆን ነው? በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚኖር፣ የ12 ዓመት ፈረስ ገና አላረጀም። እንዲያውም ለእናንተ የሚሆነው እሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ሐኪም አሳዩት፤ የሻጩን ሳይሆን የራሳችሁን። ልታዩት ስትሄዱ ተጭኖ፣ አልቦት ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። እንዲረጋጋ ቀድመው አድክመውት ሊሆን ይችላል። ሌላ ቀን ሳትናገሩ ብቅ በሉ።

«ጉልበት እንዲሆነው» እያሉ እህል መጨመር

በዚህኛው እኔም ተቀጥቻለሁ። ውድድር ሲደርስ ማታ ገብሱን ከወትሮው እጥፍ አደረግኩለት። ጠዋት ጋጣው ስደርስ በፊት እግሩ መሬቱን ይቆፍራል። ዞሮ ጎኑን ያያል፣ ይተኛል፣ ወዲያው ይነሳል። መሬቱ ላይ አንዲት ፋንድያ የለችም። ሐኪሙ መጥቶ በአፍንጫው በኩል ቱቦ እስኪያስገባ ድረስ የነበረው ሰዓት አያልቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ጨጓራው ለአካሉ ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል። አሲዱን ደግሞ ቢበላም ባይበላም ቀኑን ሙሉ ያመነጫል። አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ ግን የሚመጣው ሲያኝክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት ባዶ ሆዱን ቆይቶ በአንዴ እህል ሲወርድበት ጨጓራው ይቆስላል፣ ቁርጠትም ይከተላል።

ዋናው ምግቡ ሣርና ድርቆሽ ነው። በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ያህል ድርቆሽ ይበቃዋል። 400 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ6 እስከ 8 ኪሎ መሆኑ ነው። እህል የሚሰጠው ሥራው ከጠየቀ ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ጥቂት እየተደረገ። ምግብ ስትቀይሩ ከ7 እስከ 10 ቀን እየቀላቀላችሁ አለማምዱት። በባልዲ ሳይሆን በሚዛን ለኩ፤ የባልዲ ግምት እኔን ጉድ ሠርቶኛል።

ኮቴውን «ነገ አየዋለሁ» ማለት

በየቀኑ፣ ከግልቢያ በፊትም በኋላም፣ አራቱንም እግር አንሱና ከተረከዝ ወደ ጣት አጽዱ። መሃል ላይ ካለው ለስላሳ ክፍል ጥቁር፣ የሚገማ ነገር ከወጣ መበስበስ ጀምሯል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርጥብ ጋጣ ነው። ብረት ባይመታለትም በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ባለሙያ ይቁረጥለት።

ህመሙን አመል ማድረግ

«አመለኛ ሆነብኝ» ብሎ አለንጋ የሚያነሳ ሰው ሳይ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው ተረት ይመጣብኛል። የኮርቻው ማሰሪያ ሲጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያጋድም ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ኮርቻው ነው። ኮርቻውን ስታወርዱ ጀርባውን እዩ። ሌላው ሁሉ በላብ ርሶ አንድ ቦታ ብቻ ደርቆ ከቀረ፣ እዚያ ይጫነዋል። ነጭ ፀጉር ካበቀለ ደግሞ ቆይቷል ማለት ነው። ልጓም ሲገባ ራሱን የሚወረውረውንም ጥርሱን አሳዩለት። የፈረስ ጥርስ እድሜውን ሙሉ ስለሚወጣ ጠርዙ ይሾልና ጉንጩን ይቆርጣል፤ ሐኪም በሞረድ ያስተካክለዋል። በዓመት አንዴ ይበቃል።

ክብደታችሁንም አትርሱ። እናንተና ኮርቻው ተደምራችሁ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ባትበልጡ ይመረጣል። ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ጀርባው ግን የፈረሱ ነው።

ለብቻው ማኖር

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ሌላ ፈረስ የማይታይበት ጋጣ፣ የቱንም ያህል ንጹህ ይሁን፣ እስር ቤት ነው።

ውድድርን መሞከሪያ ማድረግ

ቤት 1 ሜትር የሚዘል ፈረስ በሰው ጫጫታ መሃል 1 ሜትር ይዘላል ማለት አይደለም። ዝቅ ብላችሁ ተመዝገቡ። አዲስ ልጓም ወይም አዲስ ኮርቻ በውድድር ቀን አይጀመርም። ማሟሟቂያው ላይ ፈረሱን ጨርሳችሁ ወደ ሜዳ አትግቡ።

የዝላይ ሜዳውን ቀድማችሁ በእግር ዙሩት። የፈረስ አንድ የግልቢያ እርምጃ በግምት 3.6 ሜትር ነው። 90 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከረገጣችሁ፣ አራት የእናንተ እርምጃ አንድ የእሱ ይሆናል። በሁለት መሰናክል መካከል ከቆጠራችሁት ላይ ለመነሻና ለማረፊያ ሁለት ሁለት እርምጃ ቀንሱ። ይህን ሳልቆጥር ገብቼ ፈረሴ ሁለተኛውን መሰናክል በደረቱ ገጭቶታል። እሱ ምን ያድርግ?

ከእጃችሁ የምትሰጡትንም ተጠንቀቁ። ቸኮሌትና ቡና ውስጥ ያሉት ቲዮብሮሚንና ካፌይን በዶፒንግ ምርመራ ያስይዛሉ።

እንደወረዳችሁ ፈረሱን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ወደ ፎቶ አትሩጡ። 10 ደቂቃ በእግር አንሸራሽሩት፣ ውሃ አፍስሱበት። የጋለ ፈረስ ውሃ ከጠጣ ይታመማል የሚባለውን ተዉት፤ ይጠጣ። እኔ የሽልማት ሪባኔን የምቀበለው በአንድ እጄ ባልዲ ይዤ ነው።