በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጠውን የአጥንት መድኃኒት እንዴት መውሰድ ይገባል?

ለአጥንት መሳሳት በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ አለንድሮኔት ነው። የተለመደው መጠን 70 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የሚዋጠው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በባዶ ሆድ ከተዋጠው ክኒን እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው። ቡና ወይም የብርቱካን ጭማቂ ከታከለበት ያችው ጥቂት በ60 በመቶ ገደማ ትቀንሳለች።

አጥንት ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይገነባልም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አሮጌውን አጥንት የሚያፈርሱት ሕዋሳት በገንቢዎቹ ላይ ይበረታሉ። መድኃኒቱ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ አፍራሾቹን ያዳክማል። ያለውን ከመሸርሸር ያድናል እንጂ ራሱ አጥንት አይሠራም፤ ስለዚህ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መጓደል የለባቸውም።

ከመጀመርዎ በፊት የኩላሊት ሕመም፣ የካልሲየም ማነስ ወይም የመዋጥ ችግር ካለብዎት፣ ወይም ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ብለው መቀመጥ ካልቻሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የሚነቀል ጥርስ ካለም አስቀድሞ ይነቀል።

ከዚያ አንድ ቋሚ ቀን ይምረጡ። ጠዋት እንደተነሡ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ክኒኑን ሳያኝኩና ሳይመጠምጡ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጡት። አምቦ ውሃ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መድኃኒቱን ይይዘዋል። ለ30 ደቂቃ ምግብም፣ ቡናም፣ ሌላ መድኃኒትም የለም። መቀመጥ፣ መቆም፣ በግቢ ውስጥ መንጎራደድ ይቻላል፤ ጋደም ማለት ግን ክልክል ነው፤ ክኒኑ ወደ ላይ ከተመለሰ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። የማለዳ ስግደት ያለበት ሰው ሰግዶ ሲጨርስ ቢውጠው ይሻላል። ግማሽ ሰዓቱ ካለፈ በኋላም ቁርስ ሳይበሉ አይተኙ። የካልሲየም ክኒን ለምሳ ሰዓት ይቆይ።

ቀኑን ከረሱ ባስታወሱ ማግስት ጠዋት አንድ ክኒን ይውሰዱና ወደ መደበኛው ቀን ይመለሱ። በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ፈጽሞ አይገባም።

ሲውጡ ሕመም ከተሰማዎት፣ ወይም ቃር ከጀመረዎት ወይም ከባሰብዎት መድኃኒቱን አቁመው ሐኪም ያማክሩ። የመንጋጋ አጥንት መሞት እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ጉዳት ነው፤ በይበልጥ የሚታየው ለካንሰር ሕክምና ተመሳሳይ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን በመርፌ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ብዙዎች ቸል የሚሉት የጭኑን ምልክት ነው። ለዓመታት በወሰዱ ጥቂት ሰዎች የጭን አጥንት ያለ ከባድ አደጋ ሊሰበር ይችላል፤ ከዚያ በፊት ብዙውን ጊዜ ጭን ወይም ብሽሽት ለሳምንታት ይጠዘጥዛል። «ብርድ ነው» ብሎ ቅባት ከማሸት ይልቅ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል።

በዚህ ምክንያት 5 ዓመት ገደማ ሲሞላ ሐኪሙ ሁኔታውን እንደገና ይመዝናል፤ የመሰበር ሥጋታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ለጊዜው ሊያቋርጠው ይችላል። መድኃኒቱ በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ጥበቃው ወዲያው አይጠፋም። በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ የተባለ ሌላ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም፤ መርፌው ሲዘገይ ወይም ያለ ምትክ ሲቆም አጥንቱ በፍጥነት ይሳሳል፣ የጀርባ አጥንት ስብራትም ሊከተል ይችላል። ውጭ አገር መርፌውን ጀምረው ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት የሚመጡ እናቶችና አባቶች ቀጣዩን መርፌ የትና መቼ እንደሚወጉ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩ።