ግላስተር ሲያስጠነቅቃችሁ «ዋይ» ብላችሁ አትለፉት

ግላስተር ኤፍኤስ፣ የብዙ ሰርቨሮችን ዲስክ አገናኝቶ እንደ አንድ ማከማቻ የሚያቀርበው፣ ደግ ሶፍትዌር ነው። ልትሳሳቱ ስትሉ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይናገራል። ችግሩ እኛ ነን፤ «ዋይ» (y፣ ማለትም አዎ) ተጭነን እናልፋለን።

በጀት ያጠረው ሁሉ የሚሠራው ስህተት «ሪፕሊካ 2» ነው። ሁለት ሰርቨር፣ ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ። ቮልዩሙን (ተጠቃሚው የሚያየውን የጋራ ማከማቻ) ስትፈጥሩ ግን ግላስተር ይሄ ለስፕሊት ብሬን የተጋለጠ ነው፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የፈራው ይሄን ነው፦ በሁለቱ መካከል ኔትወርክ ተቋረጠ እንበል። ሁለቱም ሰርቨሮች ይሠራሉ። አንዱ ክላየንት (ቮልዩሙን የሚጠቀም ማሽን) ሰርቨር «ሀ» ላይ፣ ሌላው «ለ» ላይ ያንኑ ፋይል ያስተካክላል። መስመሩ ሲመለስ ሁለቱ ኮፒዎች ይካሰሳሉ፤ ትክክለኛው እኔ ነኝ፣ የተበላሸው እሱ ነው ይባባላሉ። ዳኛ የለም። ፋይሉን ስትከፍቱ «ኢንፑት አውትፑት ኢረር» ይመጣል።

መፍትሔው ሦስተኛ ሰርቨር ነው። ለሱ ትልቅ ዲስክ መግዣ ከሌለ አርቢተር አድርጉት። አርቢተር የፋይሉን ስምና ሜታዳታ (ስለ ፋይሉ የሚናገር መረጃ) እንጂ ይዘቱን ስለማይዝ ትንሽ ዲስክ ይበቃዋል። ለሽማግሌነት ሀብት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስህተት፣ ብሪኩን (ሰርቨሩ ዳታውን የሚያስቀምጥበትን ፎልደር) ሩት ፓርቲሽን፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ያለበት የዲስክ ክፍል ላይ መትከል ነው። እዚህም «ፎርስ» ካልጨመራችሁ አልፈጥርም ይላል። ሰዉ ፎርሷን ይጨምርና ይገላገላል። ዳታው ሲሞላ ግን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም መተንፈሻ ያጣል። ለብሪክ የራሱን ዲስክ ስጡ፣ በኤክስኤፍኤስ ፋይል ሲስተም ፎርማት አድርጉት፣ ብሪኩንም ዲስኩ ውስጥ ባለ ንዑስ ፎልደር ላይ አድርጉት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዲስኩ ማውንት ባይሆን (ከሲስተሙ ጋር ባይያያዝ) ፎልደሩ ስለማይገኝ ብሪኩ አይነሳም። ይሄ ጥሩ ነው፤ ችግሩን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ቀጣዩን ስህተት ግን ግላስተር አይነግራችሁም። እኔም የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ፋይል ቶሎ እንዲገባ ብዬ በቀጥታ የመጀመሪያው ሰርቨር ብሪክ ላይ ኮፒ አደረግኩ። ኮፒው በረረ፣ እኔም ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ፋይሎቹ ከአንዱ ማሽን ሲታዩ አሉ፣ ከሌላው ሲታዩ የሉም። ለካ ኮፒውን ወደ ሦስቱም ሰርቨር የሚልከው ክላየንቱ ነው፤ እሱን ዘልላችሁ ስትጽፉ ሌሎቹ አይሰሙም። ሰርቨሩ ላይ ተቀምጣችሁም ቢሆን ቮልዩሙን ማውንት አድርጋችሁ በዚያ በኩል ጻፉ።

ፋየርዎል ላይ ፖርት 24007ን ብቻ ከፍቶ መተውም አለ። እያንዳንዱ ብሪክ ከ49152 ጀምሮ የራሱ ፖርት አለው። ክላየንቱ ሦስቱንም ሰርቨር በስማቸው ማግኘት አለበት፤ የአንዱን ስም ብቻ ሆስትስ ፋይል (የስምና የአይፒ አድራሻ ዝርዝር) ላይ ጽፎ መሄድ አይሠራም።

ግላስተር ላይ ዳታቤዝ አትጫኑ፣ ቀርፋፋ ነው። ባክአፕ ነውም አትበሉ፤ በስህተት ያጠፋችሁትን ፎልደር ሦስቱም ሰርቨር በታማኝነት ያጠፉላችኋል።

ደግሞ አፕዴት ስታደርጉ አትቸኩሉ። አንዱን ሪስታርት አድርጋችሁ ወዲያው ወደ ሁለተኛው ከሄዳችሁ፣ የመጀመሪያው ያመለጠውን ገና ሳይገለብጥ ትክክለኛውን ኮፒ የያዘውን ታጠፉበታላችሁ። ገና ያልተገለበጡ ፋይሎችን የምታሳየውን፣ «ሂል ኢንፎ» የምትለዋን ትእዛዝ ስጡና ጠብቁ። በሦስቱም ብሪክ ቁጥሩ ዜሮ ሲል ነው ወደሚቀጥለው የሚኬደው።