መብራት ሄዶ ሲመጣ ስማርት አምፖሎች ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅሱ

በስልክ የሚታዘዙ ስማርት አምፖሎችን አጥፍቶ የተኛ ሰው፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሎቹ ሁሉ በሙሉ ድምቀት በርተው ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም። አምፖሉ ኃይል የተቋረጠበት በመብራት መጥፋት ይሁን በግድግዳው ማብሪያ ማጥፊያ መለየት ስለማይችል፣ ማብሪያውን የተጫነ ሰው በጨለማ እንዳይቀር ሲባል ኃይል ባገኘ ቁጥር እንዲበራ ተደርጎ ከፋብሪካ ይወጣል።

መፍትሔው በመተግበሪያው ውስጥ የአምፖሉን ማስተካከያ ከፍቶ፣ ኃይል ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ የሚወስነውን ምርጫ ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ አድርጎ መቀየር ነው። ፊሊፕስ ሂውን ጨምሮ በርካታ አምፖሎች ይህ ምርጫ አላቸው። ትዕዛዙ የሚቀመጠው በራሱ በአምፖሉ ውስጥ በመሆኑ፣ አብሮ የጠፋው ራውተር እስኪነሳና ኢንተርኔት እስኪመለስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ለደረጃ፣ ለመታጠቢያ ቤትና ስማርት ስልክ የማይጠቀሙ አረጋውያን ለሚያድሩበት ክፍል ግን ይህን አልመክርም። አምፖሉ ቀደም ሲል በስልክ ጠፍቶ ከነበረ፣ እነርሱ የግድግዳውን ማብሪያ አጥፍተው ቢያበሩትም ጠፍቶ ሊቀር ስለሚችል፣ በነዚህ ቦታዎች የፋብሪካው አሠራር ባለበት ቢቆይ ይሻላል። ምርጫውን ከቀየሩ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ ጊዜ ብቻ አጥፍተው ያረጋግጡ፤ አንዳንድ አምፖሎች በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ሲጠፉና ሲበሩ ያለፈውን ቅንብር ሰርዘው እንደ አዲስ መገናኘት ይጠይቃሉ።