የተከታታይ ገዳይ ፊልም አይታችሁ ከተናደዳችሁ፣ የት ላይ እንደተበላሸ እንዲህ ፈልጉ

ሁለት ሰዓት ሙሉ «ገዳዩ ማነው?» ስትሉ ትቆያላችሁ። መጨረሻ ላይ፣ መጀመሪያ አካባቢ አንዴ በር ሲከፍት ብቻ ያያችሁት ሰውዬ ሆኖ ቁጭ ይላል። በቅርቡ እንዲህ ያለ አንድ ፊልም አየሁ። ትሬለሩ ልብ ያንጠለጥላል፣ ተዋናዮቹም አሪፍ ናቸው፣ ሲያልቅ ግን ምንም አልተሰማኝም። «አይረባም» ብሎ መተው ይቻላል። እኔ ግን ይህን ዓይነት ፊልም በጣም ስለምወድ፣ የት ላይ እንደተበላሸ ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ደግሞ አንዴ ከለመዳችሁት ቀጣዩን ደካማ ፊልም ገና በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ትለዩታላችሁ።

ከሟቾቹ ጀምሩ። ፊልሙ እንዳለቀ፣ ስልካችሁን ሳትነኩ፣ የተገደሉትን ሰዎች ስም ጥሩ። ስሙ ከጠፋባችሁ ምን ይወዱ እንደነበር፣ ቤት ማን ይጠብቃቸው እንደነበር አስቡ። ምንም ካልመጣላችሁ ችግሩ እዚህ ነው፤ ለማናውቀው ሰው አንጨነቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ላይ የምትታፈነውን ልጅ መጀመሪያ የምናያት መኪና እየነዳች ዘፈን ስትዘፍን ነው። ትዕይንቷ አጭር ናት፣ ግን በቃ፣ ልጅቷን አወቅናት። በኋላ እናቷ በቴሌቪዥን ቀርባ ገዳዩን ስትለምን የልጇን ስም ደጋግማ ትጠራለች። ዕቃ ሳትሆን ሰው መሆኗ እንዲታየው ነው። ለእኔ የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ደካማዎቹ ፊልሞች ግድያውን አምስት ደቂቃ ያሳዩናል፣ ለሟቹ ኑሮ ግን ግማሽ ደቂቃ አይሰጡም።

ቀጥሎ ፍንጮቹ። ገዳዩ የታወቀበት ቦታ ላይ ፊልሙን አቁሙትና መርማሪው እዚያ የደረሰበትን መንገድ ወረቀት ላይ ወደ ኋላ ጻፉት። እያንዳንዱን ፍንጭ እኛም አይተነዋል? አይተነው ትርጉሙ ያልገባን ከሆነ ፊልሙ ጎበዝ ነው። መርማሪው ድንገት አንድ ፎቶ ላይ አፍጥጦ «ገባኝ!» ካለ፣ ያ ፎቶ ደግሞ ከዚያ በፊት ጭራሽ ያልታየ ከሆነ፣ ተሸውደናል። በነገራችን ላይ የገዳዩን ማንነት እስከ መጨረሻ መደበቅም ግዴታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው «ሰቨን» ገዳዩ ፊልሙ ገና ሳያልቅ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ እጁን ይሰጣል፣ ጭንቀቱም የሚብሰው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲያ የምንፈራው ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ነው።

ከዚያ አንድ ግድያ ምረጡና የገዳዩን ቀን ተከተሉ። ከየት ተነሣ? ቁልፉን ከየት አመጣ? አስከሬኑን ብቻውን እንዴት ተሸከመ? መልሱ ሁሌ «በጣም ብልህ ስለሆነ ነው» ከሆነ ጸሐፊው ሰንፏል ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) እ.ኤ.አ. በ2005 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ከተወያየ በኋላ ያወጣው ሪፖርት፣ ተከታታይ ገዳዮች ሁሉ እጅግ ብልህ ናቸው የሚለውን እምነት ከተሳሳቱ አመለካከቶች መካከል ነው የቆጠረው። ሁሉን የሚያውቅ ገዳይ መርማሪውንም ከንቱ ያደርገዋል። እሱ ካልፈለገ አይያዝማ!

ጠጪው፣ ከሚስቱ የተፋታው፣ እንቅልፍ የማይወስደው መርማሪ ላይ ብዙ አልቆይም። መጠጡ ምርመራው ላይ አንድ ስህተት ካላሠራው ጌጥ ነው።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የታሪኩ ሳይሆን የቀረጻው ነው። ምልክቶቹን ፈልጉ። በደንብ የተዋወቅነው ሰው ድንገት ይጠፋል፣ ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም። ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ቁልፍ ነገር ይናገራሉ፣ ድምፁም ኋላ የተጨመረ ይመስላል። መርማሪው ማንም ያልነገረውን ነገር ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን «ዘ ስኖውማን» አይቶ ግራ ያልተጋባ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ዳይሬክተሩ ቶማስ አልፍሬድሰን ራሱ የስክሪፕቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ሳይቀረጽ እንደቀረ ተናግሯል። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ወደ ሐዘን ተቀየረ። ያ ሁሉ ጥሩ ተዋናይ፣ ያ ሁሉ በረዶ፣ ግን መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለ። እንዲህ ያለውን ፊልም ደግማችሁ ብታዩትም አይገባችሁም፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለምና ጊዜያችሁን አታባክኑ።

መጨረሻው ያልተዘጋ ፊልም ላይ ግን አትቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆ «ሜሞሪስ ኦፍ መርደር» ሲያልቅ ገዳዩ አይያዝም። ታሪኩ የተነሣው በደቡብ ኮሪያ ከተፈጸሙ እውነተኛ ግድያዎች ነው፣ ፊልሙ ሲሠራም ገዳዩ ገና አልታወቀም ነበር። በዲኤንኤ የተደረሰበት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የመጨረሻው ምስል ላይ የቀድሞው መርማሪ በቀጥታ ወደ እኛ ያያል። መልስ የለም፣ ግን ያ ሰው ለዓመታት የተሸከመው ነገር ፊቱ ላይ አለ። ስለዚህ ያናደዳችሁን ፊልም የመጨረሻ አምስት ደቂቃ መልሳችሁ ክፈቱና፣ ገዳዩን ትታችሁ፣ መርማሪው ፊት ላይ ከመጀመሪያው ትዕይንት የተለየ ነገር ካለ ፈልጉ።