የሶዳ ላይምን ድካም እንዴት ማወቅና መቀየር ይቻላል?

የማደንዘዣ ማሽን ታካሚው ያስወጣውን አየር ሁሉ አይጥለውም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስቀርና ኦክስጅኑንና የማደንዘዣ ጋዙን መልሶ ይሰጠዋል። ይህን የሚያደርገው በካኒስተሩ (ማሽኑ ላይ በሚገጠመው መያዣ) ውስጥ የተሞላው ነጭ ጠጠር፣ ሶዳ ላይም ነው። አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ግድግዳ የምንቀባው ኖራ ነው። የተቀባ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ እንደሚጠነክር ሁሉ ጠጠሩም ሲሠራ ውሎ አቅሙ ያልቃል። ያን ጊዜ ታካሚው ያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይተነፍሳል።

ጠዋት በመጀመሪያ የሚነበበው ካኒስተሩ ላይ የተጻፈው የቅያሬ ቀን ነው፤ ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይታያል። ጠጠሩ ውስጥ ያለው ኤቲል ቫዮሌት የተባለ ቀለም ሶዳ ላይሙ ሲደክም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። ችግሩ ማታ ወይን ጠጅ ሆኖ የተተወው ጠጠር ሌሊቱን አርፎ ጠዋት ነጭ መስሎ መገኘቱ ነው። ሥራ ሲጀመር ግን አቅሙ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የቀለሙን ለውጥ በቀዶ ሕክምናው መጨረሻ ላይ አይታችሁ ያኔውኑ መዝግቡ።

ታካሚው ከተኛ በኋላ ዓይናችሁ ካፕኖግራፉ፣ ማለትም በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመስመር የሚያሳየው መለኪያ ላይ ይሁን። ወደ ውስጥ በሚገባው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዜሮ መሆን አለበት። መስመሩ ወደ ዜሮ መመለስ ካቆመ ከማሽኑ የሚመጣውን አዲስ ጋዝ በደቂቃ ወደ 8 ወይም 10 ሊትር ከፍ አድርጉ። ቁጥሩ ከወረደ ሶዳ ላይሙ ደክሟል፤ በከፍተኛው ፍሰት ሥራውን ጨርሳችሁ ከቀጣዩ ታካሚ በፊት ቀይሩት። ካልወረደ የትንፋሹን አቅጣጫ የሚጠብቁት ቫልቮች በትክክል መዘጋታቸውን መርምሩ።

ስትቀይሩ ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ ብናኙ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጠጠሩን ሳትጠቀጥቁ ሙሉና ካኒስተሩን ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ክፍተት ከቀረ ጋዙ በዚያ ሾልኮ ሳይታጠብ ያልፋል። የካኒስተሩን ጠርዝና ጎማውን ከብናኝ ጥረጉ፤ አንዲት ጠጠር እንኳ ካገደችው ጋዝ ያመልጣል። ከገጠማችሁት በኋላ ግፊት ሰጥታችሁ ፈትሹ፤ ቀኑንም ጻፉ።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው መድረቁን ነው። ትኩስ ሶዳ ላይም 15 በመቶ ገደማ ውሃ አለው። ዓርብ ማታ ኦክስጅን ሳይዘጋ ከተተወ እስከ ሰኞ ያደርቀዋል። የደረቀ ሶዳ ላይም ዴስፍሉሬን ወይም አይሶፍሉሬን የተባለ የማደንዘዣ ጋዝ ሲያገኘው መርዛማ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ከሌላው የማደንዘዣ ጋዝ ከሴቮፍሉሬን ጋር ደግሞ በአደገኛ ሁኔታ ሊግል ይችላል። ጠጠሩ ደርቆም ነጭ ሊሆን ይችላል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅን ጋር ስለሚያምታታው ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ይታያል።

ማታ ከመውጣታችሁ በፊት የኦክስጅኑን መቆጣጠሪያ በእጃችሁ አዙራችሁ ዝጉ፤ የተረፈውን ሶዳ ላይም መያዣም አጥብቃችሁ ክደኑ። ጠዋት ጋዝ ሲፈስ አድሮ ካገኛችሁትና ለምን ያህል ጊዜ እንደፈሰሰ ካላወቃችሁ፣ ነጭ ቢሆንም ጣሉትና በአዲስ ተኩት።